የሳሳው ጠፍር

ሐጂ አደም ሱቅ ሥራ ልጠይቅ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። ሐጂ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ከበርሜል ውስጥ አንድ የበሬ ቁርበት አውጥተው እግሬ ሥር ጣሉትና “አልፋው” አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስረግጠውና ስጠመዝዘው ዋልኩ። ሱቁ ሲዘጋ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ነገም እንድመጣ ነገሩኝ። ወደ ቤት ስሄድ ደክሞኝ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። አሰላ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ግን የዛሬውን ያህል ነው። ሐጂ የሐረር ሰው ናቸው። በአገራቸው የቆዳ ሥራ የተከበረ የእጅ ጥበብ ነው፤ አርሲ መጥተው ኮርቻ መሥራት ሲጀምሩ ለምን ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚያናግራቸው ለመረዳት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኔ ለመረዳት ቀን አልፈጀብኝም። አያቴ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር። መሬታችን በክርክር ሲሄድ እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። ሐጂ ዘንድ መግባቴን አባቴ ሲሰማ ፋቂ ልጅ አልወለድኩም አለና ፊቱን አዞረ።

በሱቁ ሦስት ማዕረግ ነበር። አልፊ ቁርበት ያለፋል፤ ሰፊ በወስፌና በጅማት ይሰፋል፤ ቆራጭ ካራውን ይይዛል። ሁለት ዓመት አለፋሁ፣ ሦስት ዓመት ሰፋሁ፣ በስድስተኛው ካራ ተሰጠኝ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ የተሳሳተ ቆረጣ ግን መመለሻ የለውም። ለዚህ ነው ቆራጭ የበላይ የሆነው።

ከሁሉ የሚከብደው በፈረሱ ሆድ ዞሮ ኮርቻውን የሚይዘው ጠፍር ነው። እሱ ከቁርበቱ ሆድ አይቆረጥም፣ ይለጠጣልና፤ ከጀርባው ነው የሚወጣው። ጫፉ በዘለበቱ ውስጥ ያልፍና ታጥፎ ይሰፋል። ሲያልቅ ሐጂ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን፣ እግራችንን ተካክለን እንስበዋለን። ያልተሳበ ጠፍር ከሱቅ አይወጣም ነበር።

አሁን ስለ ደንበኞቻችን ልናገር፤ ነገሩ ያለዚህ አይገባም። ቆዳ የሚነካ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበር፣ ዓይኑ ያረፈበት ከብት አይተርፍም እየተባለ። ስለዚህ ደንበኛ ፈረሱን ከመንገዱ ማዶ አስሮ በእግሩ ይመጣል። ያለቀ ኮርቻ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ውሃ ረጭቶበት ያነሳዋል። ፈረሱ ላይ ከተጫነ በኋላ እኛ አንነካውም። የእሽቅድምድም ፈረስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከቀኑ በፊት አንድ ሳምንት ፈረሱም ጋላቢውም ከባዕድ ዓይን ይሸሸጋሉ፣ ከእኛ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው። የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን የአርሲ ጋላቢ ሲባል የዲክሲሱ ከድር ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ሦስት ዓመት የቀደመው አልተገኘም። ሴቶች በሠርግ ላይ ስሙን ያነሱታል፣ አገረ ገዢው ካባ ሸልመውታል። እሱ ግን ዝምተኛ ነው። አማርኛ አይናገርም፤ በኦሮምኛም ቢሆን ቃሉ የሚቆጠር ነው።

የሚናገርለት አማን ነበር። አንድ ጡት ጠብተው በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ከሹማምንት ጋር አማን ያስተረጉማል፣ ፈረሱን አማን ይጭናል፣ ጠፍሩን አማን ያስራል። ዳማውን ከቡዳ በመጠበቅ ረገድማ እንደሱ ያለ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ፈረሱን ትክ ብሎ ያየውን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲል አስገድዶታል። ከድርን አንድ ነገር ብትጠይቀው አማንን ያያል፤ የሚመልስልህ አማን ነው።

ድሮ ሰው የሚጋልበው ለስም ነበር። የእህል ነጋዴዎች መምጣት ሲጀምሩ ውርርድ ገባ። በሬ ያስይዛሉ፣ በቅሎ ያስይዛሉ፣ ገና ያልታጨደ ገብስ የሚያስይዝም ነበር። ሐጂ ቁማር ሐራም ነው ብለው ወሬው እንኳ ሱቃቸው ውስጥ እንዳይነሳ ከልክለዋል። ከተማው ግን በሙሉ ገብቶበታል፤ ጸሐፊውም ፖሊሱም።

ከድር አርቦዬ ከሚባል አገር ከመጣ ጋላቢ ጋር ሊገጥም አሥር ቀን ሲቀረው አማን የሆዱን ጠፍር ይዞ መጣ። ከሁለት ወር በፊት እኔ የቆረጥኩት ነው። ሐጂ ቁርበት ሊገዙ ወጥተዋል። አማን ፈረሱ ዘለበቱ ጋ ቆስሏል፣ እጥፋቱን ከውስጥ አሳሳልኝ አለኝ። ዘለበት የሚጎትተው ቦታ አይሳሳም፣ ከቆሰለ ለስላሳ የበግ ቆዳ ልደርብበት አልኩት። ሳቀብኝ። አንተ የምታውቀው ቁርበት ነው፣ እኔ ፈረሱን አውቃለሁ፤ ደግሞ ይሳሳ ያለው ከድር ራሱ ነው አለኝ።

ያኔ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ሐጂን ሳይሆን እኔን በስሜ ጠርቶ ሥራ ያዘዘኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር፣ ያውም የከድር ሰው። ስፌቱን ፈትቼ እጥፋቱን በካራ ፋቅሁት፤ ግማሹ ሄደ። መልሼ ስሰፋው ከውጭ ምንም አያስታውቅም። አልሳብኩትም። መጀመሪያ ሲወጣ ተስቧል፣ ይህ ጥገና ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ብስበው ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት፣ ለቅዳሜው ግጥሚያ ሁለት ቀን ሲቀር፣ አንድ የሲሬ ነጋዴ የበቅሎ ጭነት ማሰሪያ ሊያሰፋ ጓደኛውን አስከትሎ መጣ። እኔ ደጃፉ ላይ እግሩ ሥር ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ እነሱ ከአናቴ በላይ ያወራሉ። እኛ ፊት ሰው እንደ ወንበር ፊት ነበር የሚያወራው። ነጋዴው በአርቦዬው ፈረስ አራት በሬ ማስያዙን ነገረው። ጓደኛው ምነው አብደሃል ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“የዲክሲሱ ልጅ መመለሻው ላይ ይወድቃል” አለው። “ጠፍሩን የሚያስረው ሰው ራሱ ሁለት በሬ ከእኔ ጋር አስይዟል።”

ወስፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ደሙን በሽርጤ ጠቅልዬ ሥራውን ጨረስኩላቸው፤ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

መመለሻው የሚባለው ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ጫፍ፣ ወንዙ ዳር የተተከለ እንጨት ነው። ጋላቢዎቹ እየበረሩ ሄደው ዞረውት ይመለሳሉ። ሲዞሩ የሰውየው ክብደት ሁሉ በአንድ እርካብ ላይ ይወድቃል፣ ሥሩ ደግሞ ድንጋይ ነው። እዚያ የወደቀ ሰው ሲነሳ አላየሁም።

የመጣብኝ ፍርሃት ግን መጀመሪያ ለከድር አልነበረም። አልደብቅም። ሰው ከሞተ ጉማ አለ፣ የደም ካሣ። ጉማ እጅን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ መሣሪያውን ማን ሠራው ይባላል። የቆረጥኩት እኔ፣ ያሳሳሁት እኔ። ካሣ የምከፍልበት ከብት የለኝም፤ ከብት የሌለው በነፍሱ ነው የሚከፍለው። አባቴ ፊቱን ቢያዞርብኝም ወንድሞቼ አሉ፤ ደሙ ወደ እነሱም ይሄዳል። 

ሐጂን ነገርኳቸው። ሥራቸውን አስቀምጠው ዱካቸው ላይ ቁጭ አሉ።

“ሳብከው?” አሉኝ።

“አልሳብኩትም፣ ሐጂ።”

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለፖሊስ ብንናገር ፖሊሱ ራሱ አስይዟል፣ ለገበያው ብንናገር የከድርን የጡት ወንድም ትቶ ፋቂን የሚያምን የለም አሉ። ለከድር አጎት ለአባ ገመዳ በጆሮው ይነገረው፤ እኔ እግሬ ዲክሲስ አያደርሰኝም፣ አንተ ሂድ ብለው ላኩኝ።

ዓርብ ጠዋት ገብስ ሊጭን በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አጎትየውም የሚኖሩበት የከድር ቤት አጥር ጋ ስደርስ አንዲት ሴት አየችኝና የወተቱን ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ሮጠች። ወዲያው አማን ወጣ። ምን ልትሠራ መጣህ አለኝ። አባ ገመዳን ላገኝ አልኩት። ፊቴን አየና ሁሉን ተረዳ።

“ጠፍሩ የማን ሥራ ነው?” አለኝ ቀስ ብሎ። “ቢበጠስ ማን ይጠየቃል? የተሸከመው ነው ወይስ የቆረጠው?”

“ኦቦ አማን፣ ወንድምህ አይደለም ወይ?” አልኩት።

ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። ያን ጊዜ እሱም እንደፈራ ገባኝ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ባለፈው ዓመት በሌሎች ፈረሶች አስይዞ ብዙ ተበልቶ እንደነበር፣ ከገባበት መውጫ እንዳጣ፣ ከድርም እግሩ ቢሰበር እንጂ እንደማይሞት ነገረኝ። ይህንን ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

“ይህን አጥር ካለፍክ ቡዳው ፈረሱን ሊበላ መጣ ብዬ እጮሃለሁ” አለኝ። “እዚሁ ይቀጠቅጡሃል።”

ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። አማን ባስፈራራኝ በዚያችው ቡዳ በምትል ቃል ከድርን ማትረፍ ይቻል ነበር። ቡዳ ያየው ፈረስ በዚያ ቀን አይጋለብም፤ ኮርቻው ይወርዳል፣ ፈረሱ ታጥቦ ወደ ቤት ይወሰዳል። ይህን ሳስብ ሌላ ፍርሃት መጣ። እስከዚያ ቀን ሰው ቡዳ ነው ብሎ ያማኝ ነበር እንጂ እኔ በአፌ ነኝ ብዬ አላውቅም። ላገባት ያሰብኳት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿን እሺ ለማሰኘት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኬያለሁ። ለሐጂ ያሰብኩትን ስነግራቸው አድርግም አታድርግም አላሉኝም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ሞልቷል። ሹማምንቱ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል፣ ፖሊሶች ገመድ ይዘው ሕዝቡን ይከላከላሉ። የአርቦዬው ፈረስ አስቀድሞ ገባ። ቀጥሎ ዳማው መጣ፣ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከድር ላዩ ላይ፣ አማን ዛቡን ይዞ። መነሻው ላይ ሲደርሱ አማን ጨርቁን ገለጠ።  የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ የፈራሁትን ፍለጋ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ። በገመዱ ሥር ሾለክሁ።

ፈረሱ ፊት ቆምኩ፣ እጄ በሚደርስበት። ዓይኑን ትክ ብዬ አየሁት። ማሻአላህ ሳልል፣ እንትፍ ሳልል፣ ጮክ ብዬ በኦሮምኛ ተናገርኩ።

“እንዴት ያምራል ይህ ፈረስ። እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም።”

 አንዲት ሴት ጮኸች፣ ከዚያ የመጀመሪያው አለንጋ ጀርባዬ ላይ አረፈ። አባ ገመዳ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነስተው ከድርን ውረድ አሉት። ከድር እንደ ልማዱ ወደ አማን ዞረ።

“ምንም አይደለም” አለ አማን። “የፋቂ ነገር ነው። ይጋልብ።”

ዱላው እየወረደብኝ ሳለ እንኳ ይህን ሰማሁ። አባ ገመዳም ሰሙት። ሽማግሌውን በገበያ መሐል እንትፍ ያስባለ ሰው፣ ቡዳ ፊት ለፊት ቆሞ ፈረሱን ሲያወድስ ምንም አይደለም አለ። አባ ገመዳ ወደሱ ተጠጉ።

“አንተ ነህ ይህን የምትለው?” አሉት።

 ከድር ወረደ። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ጠፍሩን ሳቡት፣ ዘለበቱ ጋ ሳቡት እያልኩ እጮሃለሁ። አባ ገመዳ እጃቸውን አንስተው የሚመቱኝን አስቆሙ። ኮርቻው ወረደ፤ ሁለት ጎልማሶች ጠፍሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሳቡት። ዘለበቱ በአንደኛው እጅ ቀረ። ብዙም ኃይል አልጠየቀም።

አማን ፋቂው ነው የሠራው፣ ፋቂው ነው ብሎ ጮኸ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሕዝቡ እንደገና በእኔ ላይ መጣ። ፖሊሶች ጎትተው ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ። እስከ ሰኞ እዚያ ነበርኩ። በደጁ ሰው ባለፈ ቁጥር ሊወስዱኝ መጡ እያልኩ ግድግዳው ጥግ እሸጎጥ ነበር። ሐጂ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ያመጡልኛል፤ ሄድኩ ሳይሉ በር ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ።

ሰኞ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሐጂ የሚያውቁትን ተናገሩ። እኔ በገዛ ካራዬ እንዳሳሳሁት፣ ማን እንዳዘዘኝ፣ ሳልስበው እንደሰጠሁት፣ ከሲሬው ነጋዴ የሰማሁትን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አማን ካደ። ነጋዴው ተጠርቶ ቁርአን ላይ እጅህን ጫን ተባለ። ሊጭን ዘረጋ፣ መለሰው፣ እንደገና ዘረጋ። ከዚያ እጁን ጉያው ውስጥ ከትቶ ሁሉን አወጣው። እነማን እንዳስያዙ መዘርዘር ሲጀምር የቢሮ ሰዎች ስም መጣ፤ በቃ፣ ይበቃል ተባለ። የፖሊስ ፋይሉም ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም።

ከድር እስከዚያ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር። ተነስቶ አማን ፊት ቆመ። ስለ ጠፍሩ ይጠይቀዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

“ለእኔ ስትናገርልኝ በኖርክባቸው ዓመታት” አለው፣ “ቃሌን ስንት ጊዜ ለወጥክ?”

 ከድር መልሱን ጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ምንም ቅጣት እንዲጥሉበት ሳይጠይቅ ወጣ። አማን በዚያው ሳምንት ወደ ባሌ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አልሰማሁም።

በእኔ ላይ ጉማ አልተፈረደም፣ ደም አልፈሰሰምና። አዲስ ጠፍር በነጻ እንድሠራ ብቻ ተወሰነ። ቡዳነቱን ግን የሚያነሳልኝ ሸንጎ አልነበረም። ጠፍሩ ሲበጠስ ያዩ ሰዎች እንኳ፣ ጠፍሩን የበጠሰው ዓይኑ ነው የሚሉ ተነሱ። የልጅቷ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች በር አልከፈተላቸውም። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ። ደንበኛ ሲቀንስ ሐጂን ይህን ልጅ ያሰናብቱት ያሏቸው ነበሩ፤ ሐጂ ግን ካራውን ከእጄ አልወሰዱም።

ከመኸር በኋላ አንድ ቀን ከድር ብቻውን ወደ ሱቃችን መጣ። በር ላይ አልቆመም፤ ገብቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ስንሰጠው በእኛ ብርጭቆ ጠጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከደንበኛ ወገን ይህን ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ጠፍሩን ፊቱ ቆረጥኩ፣ ፊቱ ሰፋሁ። ሲያልቅ አንዱን ጫፍ ሰጠሁትና አብረን ሳብነው። ያዘ።

ፈረሱ የት እንዳለ ጠየቅኩት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አስሬዋለሁ፣ ፊቱን ሸፍኜዋለሁ አለኝ። ጠፍሩን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገና ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ዓይንህ ምንም እንደሌለበት አውቃለሁ” አለኝ። “በሕይወት ያለሁት በአንተ ነው። ግን ፈረሱን ይዤ እስክርቅ ድረስ ከቤት አትውጣ።”

“እሺ፣ ኦቦ ከድር” አልኩት። የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ካራ ይዤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሐጂ ከሞቱ በኋላም ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ካራ ለያዛችሁ የምለው አንድ ነው። ጠፍር አሳሱ ስትባሉ፣ ይዞት የመጣውን ሰው አትጠይቁ፤ ኮርቻው ላይ የሚቀመጠውን ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ይዞት የመጣውን ነበር።